ፊውዥን በከላላ ግድግዳ ላይ

ዕውቀት በእጃችሁ መዳፍ ውስጥ ናት ይሉናል። ይህን የሚለው ሰው መዳፉን የዘረጋው የት አገር ሆኖ እንደሆነ ግን አይናገርም። እኔ መካነ ሰላም ላይ ሆኜ ስዘረጋ መዳፌ ላይ የሚያርፈው ዝናብ ብቻ ነው። መብራት ሲመጣ ኔትወርክ ይሄዳል፣ ኔትወርክ ሲመጣ መብራት ይሄዳል፤ የተኳረፉ ባልና ሚስት ይመስል አንዱ ባለበት ሌላው አይቀመጥም። ሽማግሌ ይላክባቸው ብል የሚሰማኝ የለም። ለነገሩ እኔም ደክሞኛል።

የፊዚክስ መምህር ነኝ። ክረምት ክረምት ደግሞ የማስተርስ ተማሪ ነኝ፤ ዓመቱን ሙሉ የቤት ሥራ ያልሠራውን ስቆጣ ከርሜ፣ ሐምሌ ሲገባ የቤት ሥራ ያልሠራሁት እኔ እሆናለሁ ማለት ነው። የመመረቂያ ርዕስ ምረጡ ስንባል፣ ምን እንደነካኝ እንጃ፣ የፊውዥን ኃይል አልኩ። ፊውዥን ማለት፣ እናንተም እንዳትቸገሩ፣ ፀሐይ በሆዷ ውስጥ የምትሠራው ሥራ ነው፤ ትንንሽ አተሞችን አዋሕዳ ያንን ሁሉ ሙቀት ታወጣለች። ሊቃውንቱ ይህንኑ ምድር ላይ እንሠራለን ብለው ስንት ዘመናቸው፤ ሲጠየቁም ሁልጊዜ «ትንሽ ቀረን» ይላሉ። መብራት በየቀኑ በሚጠፋበት ከተማ ተቀምጦ ስለ ፀሐይ መሥራት ልጻፍ ማለት ምን ይባላል? አይጥ ለሞቷ የድመት አፍንጫ ታሸታለች። አማካሪዬም ቁርጡን ነገረኝ፦ ከዚህ በፊት የተሠሩትን ጥናቶች አንብበህ እስከ ግንቦት መጨረሻ ጽሑፍህን ካላስገባህ ከትምህርቱ ትሰናበታለህ። ሦስት ክረምት የለፋሁበት ነገር ገደል ሊገባ ነው።

ጥናት ፍለጋ ገባሁ። የትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ያለው መጽሐፍ ስለ ፊውዥን አንድ አንቀጽ ነበረው፤ እሱም ግማሹ ተቀዷል። ኢንተርኔት ላይ ስገባ የጥናቱ ርዕስና የመጀመሪያዋ አንቀጽ ትወጣና ቀሪውን ለማንበብ ካርድ ያስገቡ ይላል። እኔ ያለኝ የቀበሌ መታወቂያ ነው። በነፃ የተለቀቁም አሉ፣ ሰዎቹን እግዜር ይስጣቸው፤ ማውረድ ስጀምር ግን ዘጠና ስድስት ከመቶ ላይ ሲደርስ ይቋረጣል። ምናለ አርባ ላይ ቢቋረጥ? ሰው ቢያንስ ተስፋ ሳያደርግ ይተኛል።

ግራ ሲገባኝ ጦይባን አስታወስኩ። ጦይባ የከላላ ልጅ ናት፤ እዚህ ዘመድ ቤት ተቀምጣ ስትማር አስተምሬያታለሁ። ሰሌዳ ላይ ስሳሳት እጇን ቀስ አድርጋ አውጥታ «ቲቸር፣ ምልክቱ ተገልብጧል» የምትል ልጅ ነበረች። አሥረኛ ክፍልን ሳትጨርስ ዓረብ አገር ሄደች፤ ሰው ቤት ትሠራለች። የምፈልጋቸውን ጥናቶች ዘርዝሬ መልእክት ብልክላት «አብሽር ቲቸር» አለችኝ። የአሠሪዎቿ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ይማራል፣ ማተሚያም አለው። እሱን አስፈቅዳ ከዝርዝሬ ላይ አንድ በአንድ እየፈለገች አተመችልኝ። ያልጠየቅኳትንም ጨመረች፤ «ይኼኛው ይሻልዎታል፣ አይቼዋለሁ» ብላ። ከዚያ ወረቀቱን በሻንጣ አድርጋ ወደ አገር ለምትመለስ የመንደሯ ልጅ ሰጠቻት። የእኛ ፖስታ ቤት ሰው ነው።

ሰው ግን ዕቃ የሚያደርሰው ለእናት ነው። ልጅቱ ሻንጣውን እንዳለ ለጦይባ እናት ለእትዬ ዘሃራ አስረክባ ወደ ራሷ ደስታ ሄደች። ጦይባ «ወረቀቱ እናቴ ጋ አለ» ብላ የላከችው መልእክት ኔትወርክ ጠፍቶ ከርሞ ደረሰኝ። በማግስቱ ከላላ ወረድኩ። ወቅቱ የዒድ ሰሞን ነበር፤ በዒድ ሰሞን ደግሞ ቤት ይለቀለቃል፣ ግድግዳው ላይ አዲስ ወረቀት ይለጠፋል። ገብቼ ዓይኔን ሳነሳ ፊውዥን ግድግዳው ላይ ነው! ከምሰሶው እስከ ጓዳው በር፣ ከነሐምራዊ ሥዕሉ፣ በስንዴ ዱቄት ሙጫ ግጥም ተደርጎ ተለጥፏል።

«አዩልኝ መምህር የልጄን ነገር?» አሉ እትዬ ዘሃራ። «አምስት ዓመት ሙሉ ልብስ ነበር የምትልክ፤ ዘንድሮ ለቤቱ አሰበች፣ አልሀምዱሊላህ።»

የመጣሁበትን ስነግራቸው ደነገጡ። «ያ ረቢ! የትምህርት ኖሯል?» ብለው ውኃና ቢላ ይዘው መጡ። አንዱን ወረቀት አርሰው ጫፉን ሲፍቁት ለሁለት ተቀደደ። ቢላውን አስቀምጠው የተቀደደውን በመዳፋቸው መልሰው ለጠፉት። ለእኔ ትምህርት ብቻ ያዘኑ እንዳይመስላችሁ፤ ልጃቸው የነካችው ነገር ነበር። «ይተዉት እትዬ፣ እንዳለ አነበዋለሁ» አልኩ።

ሦስት ቅዳሜ ተመላለስኩ። በስልክህ ፎቶ አታነሳውም ወይ ትሉኝ ይሆናል፤ ቤቱ ጨለማ፣ ስልኬ አሮጌ፣ ፊደሉ ጉንዳን ሆኖ ቀረ። ስለዚህ ቆሜ በእጄ ገለበጥኩ። ገጽ ሰባት ከመስኮቱ በላይ ነው፤ ገጽ ዘጠኝ ተዘቅዝቆ ከመደቡ ራስጌ። ጦይባ ወረቀት ልትቆጥብ በሁለቱም በኩል ነበርና ያተመችው፣ ግማሹን ጥናት የሚያነበው ጭቃው ነው። የተሸፈነውን ከፊትና ከኋላው እየገመትኩ ሞላሁት። አንገቴ እስከ ዛሬ በትክክል አይዞርም።

አንድ ቀን እትዬ ዘሃራ ቆሎ ይዘውልኝ መጡና «ለመሆኑ ምን ይላል?» አሉኝ።

«ፀሐይን ምድር ላይ እንሠራለን ይላሉ።»

«መቼ?»

«ትንሽ ቀረን ነው የሚሉት።»

እትዬ ዘሃራ ወደ ግድግዳው ዞሩ። «እሷም እንዲሁ ነው የምትል፤ ትንሽ ቀረኝ፣ እመጣለሁ።»

እርሳሴን አስቀመጥኩ። ቆሎውን ዘገንኩ።

ጽሑፉን በቀኑ አስገባሁ፤ አለፈልኝ። አማካሪዬ፣ ሰው ማመስገን የማይቀናው፣ ደብዳቤ ጻፈልኝ። «በጭፍን የተሰበሰቡ ምንጮች አይደሉም፤ ነገሩን የሚያውቅ ሰው እንደመረጣቸው ያስታውቃል። የረዳህ የትኛው ተቋም ነው? ለሌሎቹ ተማሪዎችም እንዲተባበር እንጻፍለት» ይላል።

ሁለት ቀን አስቤ መለስኩለት። ተቋሙ የሚከፈተው የሰው ቤት ዕቃ አጥቦ ሲጨርስ ነው አልኩት።