የተቀናጀው ብርድ ልብስ

ታላላቅ ሰዎች ወደ ታላላቅ ሥራ የሚገቡት በራእይ ነው ይባላል። የእቅድ ክፍል ኃላፊው የገቡት ግን አፋቸውን በሰዓቱ ባለመዝጋታቸው ነው።

የዓመት ፈቃዳቸው በጀመረበት እሁድ፣ ምሳ ላይ፣ ባለቤታቸው "እማዬ ቅዳሜ ትመጣለች፤ የእንግዳ ብርድ ልብስ ደግሞ የለንም፣ መግዛት አለብን" አለች። ይህን ያለችው እንደማንኛውም ጤነኛ ሰው ነው። ኃላፊው ግን ያን ዕለት ጠዋት በስልካቸው አንዲት ሴትዮ እራፊ ጨርቅ ከእራፊ ጨርቅ ገጣጥማ ውብ ብርድ ልብስ ስትሰፋ አይተው ነበር። ቪዲዮው አሥራ አንድ ደቂቃ ነው። ኃላፊው ሰባቱን አይተዋል።

"አይገዛም!" አሉ፣ ማንኪያቸውን እንደ ዳኛ መዶሻ ጠረጴዛው ላይ አጩኸው። "እኔ እሰፋዋለሁ።"

"ማን? አንተ? የሸሚዝህን ቁልፍ በማጣበቂያ የለጠፍከው ሰውዬ?"

"እሱ ጊዜያዊ መፍትሔ ነበር። ስሚኝ፣ ለቅዳሜ ባላደርስ፣ እስከ ጡረታዬ ድረስ የዚህን ቤት እቃ የማጥበው እኔ ነኝ!"

በዕድሜ አሥራ አምስት፣ በምላስ አርባ የሆነችው ልጃቸው ስልኳን ብድግ አደረገች። "አባዬ፣ አንዴ ድገመው። ጡረታ የምትለዋ ላይ ድምፅህ ተንቀጠቀጠ።"

ደገሙት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ማለት ይሄ ነው፤ ያውም የተቀዳ አፋፍ።

እዚህ ላይ መታወቅ ያለበት፣ የሚመጡት አማት ተራ አማት አይደሉም። አርባ ዓመት ሙሉ የተማሪ ደንብ ልብስ ሲሰፉ የኖሩ፣ የሰውን ጠባይ በስፌቱ የሚያነቡ ሴት ናቸው። ስለ አማቻቸው ያላቸው አስተያየትም አጭር ነው፦ "እጁ ከፊርማ ሌላ ምን ያውቃል?"

ኃላፊው ሰኞ እቅድ አወጡ። ማክሰኞ እቅዱን ከለሱ። ረቡዕ ጠዋት የተከለሰው እቅድ ማቀዝቀዣው ላይ ተለጠፈ፤ ከሰዓት በኋላው ደግሞ መርፌ ውስጥ ክር ለማስገባት ተመደበ። ክሩን በምራቅ አሾሉት፣ መርፌውን ወደ መስኮቱ አዞሩት፣ አንድ ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ ቆይተው ሁለቱንም ጨፈኑ። ልጅቱ በዚያ ስታልፍ በአንድ ሙከራ አስገብታላቸው ወደ ጉዳይዋ ሄደች። ኃላፊው ማስታወሻቸው ላይ "ክር የማስገባቱ ተግባር በባለድርሻ አካላት ቅንጅት ተጠናቋል" ብለው ጻፉ።

ሐሙስ መቁረጥ ተጀመረ። አሮጌ መጋረጃ፣ አሮጌ አንሶላ፣ ገና ያላረጁ ሦስት ሸሚዞች። ብልህ ሺህ ጊዜ ለክቶ አንዴ ይቆርጣል፤ ኃላፊው አንዴ ለክተው ሺህ ጊዜ ቆረጡ። በስተመጨረሻ ሃያ አምስት እራፊ ተገኘ፣ እያንዳንዱ በየጎኑ አርባ ሳንቲሜትር። አንዱ ላይ የሸሚዝ ኪስ እንዳለ ቀርቷል።

"አባዬ፣ ይሄ ድሪቶ ኪስ አለው።"

"አንደኛ፣ ድሪቶ የሚባል ቃል ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ቤት ተከልክሏል። ስሙ የተቀናጀ ብርድ ልብስ ነው። ሁለተኛ፣ ኪሱ ለአያትሽ መነጽር የታሰበ ነው።"

"መቼ ነው የታሰበው?"

"አሁን።"

አርብ ዕለት እራፊዎቹ አምስት በአምስት ሆነው ተገጣጠሙ። ሜትር ተዘረጋ። ሁለት ሜትር መሆን የሚገባው ነገር አንድ ሜትር ከስልሳ ሆኖ ተገኘ። የኃላፊው ፊት ተለዋወጠ። ሄደው በሩን ዘጉት።

"አርባ ሳንቲሜትር ጎድሏል። ማንም ከዚህ ክፍል አይወጣም።"

"ስፌት በልቶት ነዋ!" አለች ባለቤታቸው። "እያንዳንዱን ጠርዝ አራት አራት ሳንቲሜትር ወደ ውስጥ አጥፈህ ሰፍተኸዋል እኮ።"

"ስፌት በላው! ስፌት በላው ተብሎ የተጻፈ ሪፖርት የት ነው ያየሽው?"

"ታዲያ እኔ ልብላው?"

ጉዳዩ በጥልቀት ከታየ በኋላ እርማት ተደረገ፤ ብርድ ልብሱ ላይ ሳይሆን አማትየዋ ላይ። ዕድሜያቸው የገፋ ሰዎች ጉልበታቸውን አጥፈው ቢተኙ ለደም ዝውውር እንደሚበጃቸው በአንድ ድምፅ ተወሰነ። ድምፁ የኃላፊው ነው።

ቅዳሜ ከላይ እራፊው፣ መሃል ጥጥ፣ ከሥር አንሶላ ተነጥፎ፣ ሦስቱን ደርቦ መስፋት ብቻ ቀረ። ኃላፊው ሶፋ ላይ ተቀምጠው፣ ብርድ ልብሱን ጭናቸው ላይ ዘርግተው ተያያዙት። ላባቸው ይንጠባጠባል፤ መርፌው ግን ያን ቀን እንደ ጉድ እሺ አላቸው። የመጨረሻዋን ቋጠሮ አስረው ክሩን በጥርሳቸው ሲበጥሱ በሩ ተንኳኳ።

"ደርሷል!" ብለው ጮኹ። "ልጄ፣ ቅጂ! ሰዓቱ ይመዝገብ!"

አማት ገቡ፣ ሻንጣቸውን አስቀመጡ፣ ቀና አሉ። ኃላፊው በክብር ብድግ ሊሉ ሲሞክሩ አንድ ነገር ወደ ታች ጎተታቸው። ደግመው ሞከሩ። ያኔ ነገሩ ተገለጠላቸው፦ ሦስት ድርብ ይሰፋል የተባለው አራት ሆኗል። አራተኛው ሱሪያቸው ነው።

ተመልሰው ቁጭ አሉ።

"እንደምን ዋሉ፣ እማማ" አሉ፣ ከተቀመጡበት አንገታቸውን ብቻ እየሰበሩ።

አማት በቆሙበት ደረቁ። "ልጄ፣ ባልሽ ለእኔ መነሳት አቆመ እንዴ?"

"ተነስ እንጂ፣ አንተ!" አለች ሚስት በጥርሷ መሃል።

"እየተነሳሁ ነው። ደረጃ በደረጃ።"

"ሹመት ጨምረውለት ይሆናል፣ ተይው" አሉ አማት።

ይህን የሚችል አማች የለም። ኃላፊው ተነሱ። ብርድ ልብሱም አብሯቸው ተነሳ፤ ከጭናቸው ተንጠልጥሎ፣ ወለሉን እየጠረገ፣ ኪሱ ጉልበታቸው ላይ ጉብ ብሎ። ልጅቱ ሳቋን ለማፈን ትራስ ነከሰች፤ ስልክ የያዘው እጇ ግን ቅንጣት አልተንቀሳቀሰም።

አማት መነጽር አደረጉ፣ መቀስ አስመጡ፣ ተንበርክከው መረመሩ። "አንዱ መቆረጥ አለበት። ሱሪው ነው ድሪቶው?"

ኃላፊው እስከ ጡረታቸው የሚታጠበው ሳህን ሁሉ ተሰልፎ ታያቸው። "ሱሪው!" አሉ።

ሱሪው ተቆረጠ። ኃላፊው ሱሪያቸው ላይ የተከፈተውን መስኮት በጋዜጣ ከልለው እንደ ድል አድራጊ ቆሙ። አማት ብርድ ልብሱን ወደ ብርሃን አነሱት፣ አገላበጡት። "እውነቱን ልንገርህ፣ ልጄ? ቀጥ ያለው ስፌት ይሄ ከሱሪህ ጋር የሰፋኸው ብቻ ነው።" ከዚያ አንዴ አራገፉት። እራፊዎቹ አንድ በአንድ ወለሉ ላይ ረገፉ፣ ጥጡም ተከተላቸው።

"አባዬ፣" አለች ልጅቱ፣ "ቃልህ ስልኬ ላይ አለ።"

"ባላደርስ ነው ያልኩት! ሲደርስ ሁላችሁም አይታችኋል። ከዚያ ወዲያ ያለው የጥገና ጉዳይ ነው።"

"እውነቱን ነው" አሉ አማት። "ደርሶ ነበር። ቃሉን ጠብቋል፤ እቃ አያጥብም። ለእኔም አታስቡ፤ ልጄ ደውላ 'እቅድ ወጥቷል' ስትለኝ ነው የራሴን ብርድ ልብስ ሻንጣ ውስጥ የከተትኩት።"

ኃላፊው በደስታ የአማታቸውን ጉልበት ሊስሙ ጎንበስ ሲሉ፣ አማት ከወለሉ አንድ እራፊ አንስተው በጣታቸው አሹት። "ደህና ጨርቅ ነው፣ ውሃ ይመጥጣል።" ሃያ አምስቱንም ለቃቅመው፣ አጣጥፈው፣ አማቻቸው እጅ ላይ ቆለሉት።

የእቅድ ክፍል ኃላፊው ቃላቸውን የማያጥፉ ሰው ናቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንዲት ሳህን አጥበው አያውቁም። ያደርቃሉ።