ክሊኒክ ያደገች ልጅ

ነጭ ጋዋን ብቻውን ከበሽታ ይከላከላል ብሎ የሚያምን የጤና ሠራተኛ አላጋጠማችሁም? እኔን በደርግ ጊዜ አዋሳ አጋጥሞኛል። የቀበሌያችን ክሊኒክ ድሬሰር፣ መርፌ የሚወጉትና ቁስል የሚያጥቡት ጋሽ ዳካሞ፣ ልጇን ለኩፍኝ ክትባት ያላመጣችን እናት ቤቷ ድረስ ሄደው ይቆጡ ነበር። እናቷ የሞተችባት የራሳቸው ልጅ ብርቄ ግን ሳትከተብ፣ ቀኑን ሙሉ ከሕመምተኞች ጋር አግዳሚ ወንበር ላይ ትውላለች።

«ብርቄስ መቼ ትከተባለች?» አልኳቸው አንድ ቀን።

«እሷማ ክሊኒክ አድጋ በሽታውን ሁሉ ለምዳዋለች» ብለው ሳቁ።

እኔም ሳቅሁ። የክሊኒኩን የክትባት መዝገብ የምይዝ እኔ ነበርኩ፤ መጠየቅ ሥራዬ ሆኖ ሳለ ደግሜ አልጠየቅሁም።

ኩፍኝ የያዘው አንድ ልጅ አግዳሚው ላይ አጠገቧ በተቀመጠ በወሩ ብርቄን ቀበርናት። ለቅሶ ላይ ሰው ሁሉ «የእግዜር ሥራ ነው፣ ይጽናኑ» ይላቸዋል።

«የእግዜርስ አይደለም» አሉ ጋሽ ዳካሞ ቀስ ብለው። «መርፌው እኔ እጅ ነበር።»