የብረት ካሜራ አማኞች

ፎቶ ማንሳትን ያለ አስተማሪ የተማርኩ፣ የዲላን ሰርግ ግማሹን ያነሳሁ ሰው ነኝ። ስለዚህ ስለ ካሜራ ስናገር ስሙኝ።

የብረት ካሜራ አማኞችን ታውቋቸዋላችሁ? ፎቶ ቤት ሲገቡ መስታወት ከማየታቸው በፊት ካሜራውን ብድግ ያደርጋሉ። እንደ ቡና ነጋዴ በእጃቸው ከፍ ዝቅ አድርገው፣ «ይሄ ከባድ ነው፤ ጥሩ ያነሳል» ብለው ይቀመጣሉ። አትሳቁ፤ የማኅበራቸው ሊቀመንበር እኔ ነበርኩ።

አንድ ቀን ለሰርግ ከሞተረኛው ጋር ወደ ደጋው፣ ወደ ቡሌ ስንወጣ ጭቃው ጣለን። የብረት ካሜራዬ ድንጋይ ላይ አርፎ ጎኑ ተጨረማመተ፤ ከዚያ ወዲያ ማንሳት እምቢ አለ። ፊልም ስገዛ ነጋዴው የመረቀልኝ የፕላስቲክ ካሜራ ግን እንደ ኳስ ነጥሮ ሳር ላይ ተቀመጠ። ብጫነው ቀጭ! ጭረት እንኳ የለው።

የሙሽራዋ እናት ስታየው ክው አለች። «ጋሼ፣ በጆግ ነው እንዴ ልጄን የሚያነሷት? ነገ ሩቅ አገር ልትሄድብኝ ነው። ፎቶዋ ካልወጣ በምን አያታለሁ?»

«እህቴ፣ ብረት የተሰበረበትን አወዳደቅ የቻለ ጆግ ነው» አልኳት።

«እስቲ ያምጡት።» በእጇ መዘነችው። «ውስጡ ባዶ ነው!»

ሌላ ስላልነበረ በእሱው አነሳሁ። ፊልሙ ታጥቦ ሲመጣ አፌን ከፍቼ ቀረሁ፤ የሙሽራዋ እንባ እንኳ ጉንጯ ላይ ያበራል። እንዲህ የቀለለ ነገር ይህን ሁሉ ማየት ከየት ተማረ?

እሱ ይህን ካየ፣ እኔስ ምን ምን ሠራሁ? ፎቶውን ቡሌ ድረስ አደረስኩ፤ እናትየዋን አስለቅሼ መልሼ አሳቅሁ፤ ተድራ የሄደችውንም ልጅ በእናቷ ቤት ግድግዳ ላይ አስቀረሁ።