ከነውሻችን ባሮ ዳር

ሰው ቤት ሠርቶ፣ ቆርቆሮ መትቶ፣ በር ገጥሞ ሲያበቃ "ልዝናና" ብሎ ሜዳ ላይ ሸራ ወጥሮ የሚያድረው ጤና ሲያጣ ብቻ ነው! ፈረንጆቹ ነገሩን "ካምፒንግ" ይሉታል። እኛ ዘንድ ግን ሜዳ ያደረ ሰው ወይ መኪናው ተበላሽቶበታል፣ ወይ ሚስቱ አባራዋለች። እኔ ባለፈው ቅዳሜ መኪናም ሳይበላሽብኝ፣ ከሚስቴም ሳልጣላ ሜዳ ላድር ወጣሁ። ኧረ ሜዳም አላደርኩም! ግዴለም፣ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

ጋምቤላ ክልል ከሆነች ወዲህ መሥሪያ ቤታችን ታፔላውን ከወንበሩ ቀድሞ ነው ያገኘው። ወንበሩ እስኪመጣ ቆመን ዕቅድ እናወጣለን። የቱሪዝም ባለሙያው እኔ ነኝና፣ ከአንድ የፈረንጅ መጽሔት ላይ ያየሁትን ይዤ ተነሣሁ። ባሕር ዳር የተተከለ ድንኳን፣ ቤት የሚያህል መኪና፣ የሚስቁ ልጆች፣ አሸዋው ላይ የተንጋለለ ውሻ... "ባሕር ባይኖረን ባሮ አለን! ቤተሰብ ከነልጆቹ፣ ከነውሻው የሚያድርበት ሥፍራ ይከለልልን!" አልኩ። ተጨበጨበልኝ። አለቃችን ግን ቀዝቀዝ ብለው፣

"አንተ ባሮ ዳር አድረህ ታውቃለህ?" አሉኝ።

"እኔ? እኔ እንኳ... ገና ነኝ።"

"እንግዲያው መጀመሪያ ያንተ ቤተሰብ ይሞክረዋ!"

እሺ ብዬ ተቀመጥኩ ልላችሁ ነበር፤ ወንበር የለም እንጂ!

ቤተሰቤ ማለት ባለቤቴ ጥሩወርቅ፣ ሁለት ልጆቼና ሻምቦ ናቸው። ሻምቦ ውሻችን ነው። ጥሩወርቅ ከጎሬ በቅርጫት ይዛው ስትመጣ ስሙ "ሻምበል" ነበር፤ መንግሥት ሲለወጥ ማዕረጉን ገፈን ሻምቦ አልነው። የሻምቦ ትምህርት የኔ ሥራ ነው። በኔ ቤት ሰው ውስጥ፣ ውሻ ደጅ! ይህን ሕግ ከቡችላነቱ ጀምሮ በነጠላ ጫማ አስተምሬዋለሁ። ሥጋ ከትሪ ወድቆ ሳሎን መሃል ቢንከባለል እንኳ ደፉ ላይ ቆሞ ምራቁን ያዝረበርባል እንጂ አንድ እግሩን አያስገባም። እንግዶቼ "እንዴት ያለ ጨዋ ውሻ ነው!" ይላሉ። እኔም እንደ ልጅ አባት ደረቴን እነፋለሁ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የመሥሪያ ቤቱ ሾፌር ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ወደ ኢታንግ በሚወስደው መንገድ ባለው ወንዝ ዳር አራገፈን፤ "ነገ ጠዋት እመጣለሁ" ብሎም አቧራውን አልብሶን ሄደ። ከፍ ካለው ዳርቻ ላይ፣ ከማንጎ ዛፍ ሥር ድንኳናችንን ተከልን። ልጆቹ አሸዋው ላይ ተንከባለሉ፣ ጥሩወርቅ ዓሣ ጠበሰች፣ ነፋሱ ደግሞ ከተማ ውስጥ በገንዘብ የማይገኝ! መጽሔቱ ውስጥ የገባሁ መሰለኝ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የሥራ ባልደረባዬ ኦባንግ በብስክሌት መጣ። የእናቱ እርሻ እዚያው ጎናችን ነው። ዞር ዞር ብሎ ሁሉን አየና፣

"ውሻው የት ነው የሚያድረው?" አለኝ።

"ደጅ ነዋ! ከአዞ ይጠብቀናል።"

ኦባንግ ሳቀ። ሳቀ ስላችሁ፣ ብስክሌቱን ዛፍ ላይ አስደግፎ ሳቀ!

"ወንድሜ፣ አዞ ከምግብ ሁሉ ውሻ ይወዳል። ደጅ ካሳደርከው ራት አቀረብክለት ማለት ነው።"

"እና ከወንዙ ራቅ ልበል?"

"ከራቅህ ነብር አለ። ነብርም ውሻ ይወዳል።"

እናንተዬ፣ እኔ "ለውሻ የሚመች ሥፍራ" ብዬ ያቀረብኩት ይኼን ነው! ኦባንግ "እሳቱን ደህና አድርጋችሁ አንድዱ፣ ውሻውን ውስጥ አስገቡ፣ እናንተም ውስጥ ሁኑ፤ ምንም አትሆኑም" ብሎን ወደ እናቱ ቤት ሄደ።

ቀና ብል ሻምቦ የለም! ውሃ ጠምቶት ቁልቁል ወርዶ አፉን ባሮ ውስጥ ነክሯል። ከሱ ትንሽ ራቅ ብሎ ነፋስ በሌለበት ውሃው ይርገበገባል... "ሻምቦ!" ብዬ የጮህኩት ጩኸት ኢታንግ ሳይሰማ አልቀረም። ጫማዬን አውልቄ ወረወርኩ። ጫማ ሲያይ እንደ ልማዱ ጭራውን ቆልፎ ሽቅብ በረረ። ጫማዬን ግን አንድ ነገር ላፍ አድርጎ ይዟት ሰመጠ! መሬት ላይ ዘጭ አልኩ። ውሻውን እንዲህ እንደምወደው እስከዚያች ሰዓት ድረስ አላውቅም ነበር። አንገቱን አቅፌ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቅሁ።

"በል አስገባው፣ እየመሸ ነው" አለች ጥሩወርቅ።

"ግባ ሻምቦ!" አልኩት። ድንኳኑ በር ላይ ቆሞ አየኝ። "ግባ የኔ ጌታ!" ዓሣ አሳየሁት፤ ምራቁን አዝረበረበ፣ አልገባም። በአራት እግሬ ድኼ ገብቼ "እንዲህ ነው የሚገባው" ብዬ አሳየሁት፤ ልጆቹ በሳቅ ሞቱ እንጂ እሱስ አልገባም። ታቅፌ አስገባሁት። ገና ስለቀው ካስማውን ጠልፎ ወጣ፣ ድንኳኑም ሁላችንም ላይ ተደረመሰ። ያን ሁሉ ዓመት የለፋሁበት ትምህርት ይኸውላችሁ... አንዲት ፊደል አልረሳም!

ድንኳኑን መልሰን ስናቆም ልጄ ማርታ፣

"አባዬ፣ እሱ እኮ አንተን ነው የሚያየው" አለች።

"ምን ማለትሽ ነው?"

"እስኪ ዘወር በል።"

ከማንጎው ጀርባ ተደበቅሁ። ሻምቦ ግራ ቀኙን ቃኘና ሹልክ ብሎ ገባ! ደስ ብሎኝ ተከትዬው ገባሁ። እሱ ደግሞ አንገቱን ደፍቶ፣ ይቅርታ የሚጠይቅ መስሎ፣ በጎኔ አልፎ ወጣ። ዘወር አልኩ፤ ገባ። ገባሁ፤ ወጣ። ጨለማው እየወረደ ነው፣ ባሮም ከታች ጸጥ ብሏል።

"በቃ፣ አንተ ደጅ እደር" አለች ሚስቴ።

"እኔ?! አዞውስ?"

"አዞ ውሻ ይወዳል ነው የተባለው። አንተን ማን ይወዳል አለ?"

ብርድ ልብሴን በትከሻዬ፣ አንድ ጫማዬን በእግሬ አድርጌ ወደ ኦባንግ እናት እርሻ አነከስኩ። እርሻው መሃል ሰብሉ ከከብትና ከዝንጀሮ የሚጠበቅበት ከፍ ያለ የእንጨት ማማ አለ። እሱ ላይ ወጣሁ። የባሮ ትንኝ እኔን ለመውደድ ኦባንግን አላስፈቀደም።

ሲነጋ ነቃሁ። ቁልቁል ሳይ ሻምቦ ከልጆቼ መሃል ጭንቅላቱን ብቻ ከድንኳኑ አውጥቶ ያዛጋል። አንድ ፀጉሩ አልጎደለም፣ ተመስገን! ዓይኔ እንባ አቀረረ። ከማማው ሥር ደግሞ የኦባንግ እናት መቆፈሪያቸውን ይዘው ሽቅብ ያዩኛል።

"እንደምን አደሩ እማማ?" አልኩ፣ ባዶ እግሬን በብርድ ልብሱ እየሸፈንኩ።

እሳቸው ባዶ መሬታቸውን አዩ፤ እኔን አዩ፤ እንደገና መሬቱን አዩ።

"በቆሎ አልዘራሁም" አሉኝ። "ምን ትጠብቃለህ?"

"ውሻ ነው እማማ" አልኳቸው። "ውሻ እየጠበቅሁ ነው ያደርኩት።"