ሽማግሌ የተላከበት ጥያቄ

ሐበሻ በዚህ ዓለም ላይ ከልቡ የሚፈራው አንድ ነገር ቢኖር ቀጥተኛ ጥያቄ ነው! ወረርሽኝ መጣ ሲሉት ጭንብሉን አጥልቆ ይወጣል፤ በረዶ ጣለ ሲሉት አካፋውን ይዞ ይወጣል። «ይህን ነገር ያውቁ ነበር ወይስ አያውቁም?» ብላችሁ በጽሑፍ የጠየቃችሁት ዕለት ግን… ሽማግሌ ፍለጋ ይወጣል። «እኒህ ሰውዬ ደግሞ ማጋነን ልማዳቸው ነው» የምትሉ ከሆነ፣ በጉልበቴ ምክንያት የገባሁበትን ሙግት ልንገራችሁና እናንተው ፍረዱ።

የምኖረው እዚህ ኦሃዮ፣ ቤክስሊ ከምትባለው ከተማ አለፍ ብሎ፣ የአገራችን ሰው አቶ መንገሻ ከሚያከራዩት ቤት ላይኛው ፎቅ ነው። አምና በዳግም ትንሣኤ ጠዋት መቋሚያዬን ይዤ ወደ ቤተ ክርስቲያን ልሄድ የውጭውን ደረጃ ጀመርኩ። ደረጃው እንደ ሙሽራ ቤት አዲስ ቀለም ተቀብቶ ያብረቀርቃል። ከቀለሙ በታች ግን እንጨት የሚባል ነገር አልነበረም! ደረጃውን ልወርድ የወጣሁ ሰው ከነደረጃው ወረድኩ።

ሐኪሙ «ጉልበትዎ ያለ ቀዶ ጥገና አይቆምም» አለኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ቆሜ ማሕሌት የመራሁ መሪጌታ፣ ወንድሞቼ ሲያሸበሽቡ ወንበር ላይ ተቀምጬ እንደ እንግዳ አያለሁ። አቶ መንገሻ ምን አሉ መሰላችሁ? «ደረጃው ጤነኛ ነበር። መሪጌታን የጠለፋቸው የገዛ ቀሚሳቸው ነው!»

ከሰስኳቸው። ነገሩ ሁሉ በአንዲት ጥያቄ ላይ ቆመ፦ ደረጃው መበስበሱን አስቀድመው ያውቁ ነበር? ያውቁ ከነበረ ሕክምናው በእርሳቸው ላይ ነው። አያውቁም ከተባለ ግን እኔ ቀሚሱ የጠለፈው ሽማግሌ ሆኜ እቀራለሁ፤ ሸክሙም ሪከንባከር መጋዘን ውስጥ ካርቶን ስታነሣ በምትውል ልጄ ጫንቃ ላይ ይወድቃል።

ጠበቃዬ ሶስና እዚሁ የተወለደች ልጅ ናት፤ ክርስትና ስትነሣ ያዜምኩላት እኔ ነኝ። «መሪጌታ፣ ይኼ ዲስከቨሪ ይባላል» አለችኝ። «ከትራያል በፊት እኛ በጽሑፍ እንጠይቃቸዋለን፣ እሳቸው ደግሞ በመሐላ ይመልሳሉ። ኢግኖር ማድረግ አይችሉም።»

አይችሉም? አቶ መንገሻን አታውቃቸውማ! ቀነ ገደቡ አለፈ፤ ጭራሽ ተረሳ። በመጨረሻ ከጠበቃቸው ወረቀት መጣ። «‹ደረጃ› የሚለው ቃል ግልጽ አይደለም። ‹የበሰበሰ› የሚለው አሻሚ ነው። ‹ያውቁ ነበር› የሚለው ከመጠን በላይ ሰፊ ነው።» እግዚኦ! እኔ በትርጓሜ ቤት ዓመታት ተቀምጫለሁ። አንዱን ንባብ በአንድምታ ስንተረትር መሽቶብን ያውቃል። ነገር ግን ለእንጨት ደረጃ አንድምታ ሲወጣለት ያየሁት ኦሃዮ ውስጥ ነው።

ሶስናም ፍርድ ቤቱ አስገድዶ እንዲያስመልስልን አመለከተች። ይህ በተሰማ ሰሞን በሬ ተንኳኳ። ዘመኑ የወረርሽኝ ነውና ጭንብላቸውን ያጠለቁ ሁለት የተከበሩ ሰዎች፤ ጋሼ ዘውዴና ሐጂ ይመር።

ልብ በሉልኝ። ደረጃው ሲበሰብስ ሽማግሌ አልተላከም። እኔ ተሰብሬ ስተኛ ሽማግሌ አልተላከም። ጥያቄ ሲመጣ ግን ሽማግሌ ተላከ!

«ለእርቅ ነው የመጣነው» አሉ ጋሼ ዘውዴ፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው።

«ከማን ጋር ተጣላሁ?»

«ከመንገሻ ጋር ነዋ!»

«አልተጣላሁም፤ ጠየቅኋቸው እንጂ።»

«እሱኮ ነው ጠቡ!»

ሐጂ ይመር የወሎ ሰው ናቸው፤ አንጀታቸው ቶሎ ይላወሳል። ጉልበቴን አይተው እንባቸው መጣ። በሽምግልና ደግሞ ወጉ ጥፋትን አምኖ ምሕረት መለመን ነውና በዚያው ገቡበት።

«አጥፍቷል መሪጌታ! ወላሂ አጥፍቷል! እርስዎ ከመግባትዎ በፊት፣ የቀድሞው ተከራይ ሲለቅ ሶፋ ስናወርድ እግሬ ደረጃው ውስጥ ሰመጠ። ‹መንገሻ፣ ይኼ ነገር ሰው ይሰብራል› አልኩት። ‹ለጊዜው ቀለም እቀባዋለሁ› አለኝ። ዘውዴ፣ ነበርክ አይደል?»

ጋሼ ዘውዴ በክርናቸው ጎሸም አደረጓቸው፤ ግን ምን ዋጋ አለው። «እ… ነበርኩ እንኳ… ብቻ ያለፈው አልፏል። ያቺን የደረጃዋን ጥያቄ ይተዉለት።»

አያችሁ! በወረቀት ላይ ደረጃ ምን እንደሆነ የማያውቁት ሰው፣ በእኔ ሳሎን ውስጥ በወኪል ንስሐ ገቡ። ሶስና «ስለ ኬዙ አይናገሩ» እንጂ «አይስሙ» አላለችኝም። እንግዶቼን ሸኝቼ ኮል አደረግኩላት። አልጮኸችም፣ አልሳቀችም። «የስማቸውን ስፔሊንግ ቴክስት ያድርጉልኝ» አለችኝ ብቻ።

ችሎቱ በቪዲዮ ሆነ። የአቶ መንገሻ ካሜራ ጣሪያቸውን ስታሳይ ቆየች፤ እርሱ ጤነኛ ይመስላል። ዳኛዋ የባለጋራዬን ጠበቃ ጠየቁት፦ «ደረጃ ምን እንደሆነ ካልገባዎት፣ ወደ ቢሮዎ የሚወጡት በምንድን ነው?»

«በሊፍት፣ ክብርት ዳኛ።»

ይህን ጊዜ አቶ መንገሻ ከጣሪያው ሥር ብቅ አሉና ነገር የሚያበርዱ መስሏቸው በአስተርጓሚ ተናገሩ። «ክብርት ዳኛ፣ አይጨነቁ። ጉዳዩን በሽማግሌ ይዘነዋል። ጓደኞቼ ሁሉንም ነገር ያውቁታል።»

ጠበቃቸው ዓይኑን ጨፈነ። ዳኛዋ ብዕራቸውን አነሡ። «ሁሉንም ነገር ያውቁታል? መልካም። ስማቸውን በመልስዎ ውስጥ ያካትቱ፤ ጥያቄዎቹንም ሁሉ በመሐላ ይመልሱ።» የአቤቱታውን ወጪም በአቶ መንገሻ ላይ ጣሉት።

መልሱ መጣ። ጥያቄ፦ «ከአደጋው በፊት ስለ ደረጃው የነገረዎት ማን ነው?» መልስ፦ «ሐጂ ይመርና አቶ ዘውዴ።» ጥያቄውን ሊያስተዉኝ የመጡት ሽማግሌዎች፣ ለካ መልሱ እነርሱ ራሳቸው ኖረዋል!

ከዚያ በኋላ የባለጋራዬ ጠበቃ ድምፁ ለሰለሰ፤ ሕክምናውን እንደሚሸፍኑ በጽሑፍ አረጋገጠ፤ የጉልበቴም ቀጠሮ ተያዘ። ለቀረው የካሳ ክርክር ሶስና ለሁለቱ ሽማግሌዎች የምስክርነት መጥሪያ ላከች። ሐጂ ይመር «የማውቀውን እናገራለሁ፤ ምን ያስፈራኛል?» አሉ። ጋሼ ዘውዴስ?

ባለፈው እሑድ በሬ ተንኳኳ። ጭንብል ያጠለቁ ሦስት የማላውቃቸው የተከበሩ ሰዎች ቆመዋል።

«ከማን ተልካችሁ ነው?»

«ከጋሼ ዘውዴ። ያቺ ጠበቃ ጥያቄ ልትጠይቀው ነው አሉ… እንዲተዉለት ነው።»

ወንድሞቼ፣ እኔ ድሮ ሽማግሌ ሲላክብኝ እበሳጭ ነበር። ዛሬ በሩን ወለል አድርጌ እከፍታለሁ፤ ብቻ ከመግባታቸው በፊት ስማቸውን ከነስፔሊንጉ እጠይቃለሁ።