ሁሉም ከጨጓራ ነው

የሕክምና ትምህርት ቤት ደጃፍ ሳይረግጥ የተመረቀ ሐኪም የሌለበት ሰፈር የለም። እንዲህ ያለው ሐኪም የሚያውቀው አንድ በሽታ ብቻ ነው፤ እሱኑ ለሁሉም ያድላል። የፀጉር ሠሪዋ እናት የሚያውቁት ጨጓራን ነበር።

ጠዋት ፀጉር ቤቱ ሲከፈት ክብርት ሐኪም ከካስኩ አጠገብ ወንበራቸውን ይይዛሉ። እሳቸውንም ቃር እያቃጠላቸው ቲማቲም ከተዉ፣ ትራስ ደራርበው መተኛት ከጀመሩ ቆይተዋልና ልምዱ አላቸው። ፀጉሯ እየተነቃቀለ የመጣች ደንበኛ፣ "ከጨጓራ ነው" ትባላለች። እንቅልፍ ያጣችም እንዲሁ። ባሏ ነጋ ጠባ የሚነጫነጭባት ደግሞ፣ "የሱ ጨጓራ ነው፤ ቁርስ ሳይበላ አታናግሪው!" ደንበኞቹ እሳቸው በሌሉበት "እትዬ ጨጓራ" ይሏቸዋል፤ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና እሳቸው ሰምተው አያውቁም።

ልጅቱ ቆማ ስለምትውል ማታ ማታ እግሯ ያብጣል። በዚያ ላይ ይሄ።

"እማዬ፣ በፈጠረሽ ደንበኞቼን ተያቸው። ራሴን አመመኝ።"

"እሱም ከጨጓራ ነው፣ ልጄ።"

አንድ ቀን ፀጉሯን የምትተኮስ ደንበኛ፣ "እማማ፣ ልጄ እኮ ተመረቀችልኝ!" አለቻቸው።

"አይዞሽ፣ ከጨጓራ ነው" አሉ።

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ፀጉር ሠሪዋ ብቻ ካውያውን አስቀምጣ እናቷን አየቻቸው። ለካ መስማት ካቃታቸው ሰንብቷል! መልሳቸው ሁልጊዜ አንድ ስለሆነ ማንም አላወቀባቸውም።

እናትም ሳቁን አይተዋል። ከዚያ ወዲያ ማንንም አላከሙም፤ እጃቸውን አጣጥፈው የሰው አፍ ያያሉ። ልጅቱ ስትመኘው የኖረችውን ዝምታ አገኘች፤ ቤቱ ግን ሐዘን የገባበት መሰላትና ፈራች። እየጎተተች ጆሮ ሐኪም ዘንድ ወሰደቻቸው። "ጆሮዬ ምንም አልሆነም፤ ከጨጓራ ነው" እያሉ ነው የደረሱት።

የጆሮ ሐኪሟ መርምራ ስታበቃ፣ "ቃር ያስቸግራቸዋል?" ብላ ልጅቱን ጠየቀች። "ቃርና የመስማት ችግር አብረው የሚታዩባቸው ሴቶች አሉ። አንዱ ሌላውን ያመጣል ለማለት ግን ገና ነው። የመስሚያ መሣሪያ እናዝላቸዋለን፤ ቃሩንም እናያለን።"

እናት ይህን ሁሉ አልሰሙም፤ መስኮቱን ያያሉ። ልጅቱ ዝም ብትል የሚያውቅባት የለም። ይሄ ወሬ ፀጉር ቤት ከገባ ደግሞ እናቷ መቀመጫ እንደሚያሳጧት ታውቃለች። ገና ሳይጀመር ደከማት። ቢሆንም ወደ እናቷ ጆሮ ተጠግታ፣ ውጭ ወረፋ የያዘው ሁሉ እስኪሰማ ጮኸች፦

"እማዬ! ከጨጓራ ሊሆን ይችላል አሉ!"

የእናቷ ፊት በራ። "እ? አልሰማሁም።"

መስማታቸውን ከዓይናቸው አይታለች። ደግማ ጮኸችላቸው።