የግማሽ ስኮላርሺፕ ስለት

ቅናሽ የሚባል ነገር የሰውን ዓይን ይጋርዳል። ይህን የምላችሁ ከመጽሐፍ አንብቤ አይደለም፤ ትምህርቴ ከዘጠነኛ ክፍል አላለፈም። ጉርድ ሾላ መጋረጃ መሸጥ ከጀመርኩ ግን አሥራ አራት ዓመት ሆኖኛል፤ ያስተማረኝም መጋረጃው ነው። በዓል ሲቃረብ ዋጋውን እጥፍ አደርግና፣ ትንሽ ደግሞ አሳልፌ፣ በላዩ ላይ በቀይ ወረቀት «ግማሽ ዋጋ» ብዬ እለጥፋለሁ። ሰው ይሻማል። ኧረ እንደዚያ አትዩኝ! ማን ያውቃል፣ ሳሎናችሁ ውስጥ የተሰቀለው የእኔ ይሆናል።

ልጄ ማህሌት አሥራ ሁለተኛን ጨርሳ «ውጭ ካልተማርኩ» ባለች ጊዜ፣ እኔም የማውቀውን አደረግኩ። ቦሌ መድኃኔዓለም ሄጄ፣ «ልጄ ስኮላርሺፕ ካገኘችልኝ ባለ ወርቅ ዘርፍ ዣንጥላ አስገባለሁ» ብዬ ተሳልኩ። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ቃሌን ቀድሜ መመጠን ነበረብኝ። ስኮላርሺፕ ግማሽም ሩብም እንዳለው በምን ልወቅ? እኔ የመሰለኝ ልጅ እንደ ማግኘት ነው፤ ወይ ይኖራል ወይ አይኖርም።

የመጀመሪያው ደብዳቤ ከካናዳ መጣ። ክፍያው በዓመት አርባ ሺህ ዶላር፣ ስኮላርሺፑ ሃምሳ በመቶ። ማኅተሙ ብቻውን ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ነው። ማህሌት እኔ አንብቤ ሳልጨርስ ስልኳ ላይ ለጥፋው ኖሮ፣ በነጋታው ከቤተ ክርስቲያን እስከ ዳቦ ቤት የማይስመኝ ሰው ጠፋ። «ስንት ቀራችሁ?» ብሎ የጠየቀኝ ግን አንድም የለም። እኛ ሰዎች ስንባል የተሰጠውን እንጂ የቀረውን መጠየቅ ነውር ይመስለናል። ከሱቄ ጋር ግድግዳ የሚጋሩት፣ እሳቸውም መጋረጃ የሚሸጡት እትዬ ዘይነባ ብቻ ጠጋ ብለው፣ «ሙሉ ነው?» አሉኝ።

«ግማሽ ነው።»

«እኔ ዱዓ ሳደርግላት እኮ ሙሉ ነው ያልኩት» ብለው በጥርጣሬ አዩኝ። ጥፋቱ ከየትኛው ወገን እንደሆነ ገብቷቸዋል።

በሳምንቱ ሁለተኛው ደብዳቤ ከማሌዥያ መጣ። መኝታውን ጨምሮ በዓመት ሰባት ሺህ ዶላር። ቅናሽ የለው፣ እንኳን ደስ ያለሽ የለው፣ እንደ ውኃ ቆጣሪ ሂሳብ ደረቅ ያለ ወረቀት።

«እማ፣ ይሄኛው እኮ ምንም ስኮላርሺፕ የለውም» አለች ማህሌት።

«ዋጋውስ?»

«የዋጋ ጉዳይ አይደለም! ኮንግራ ያሉኝን ሰዎች ሁሉ አሁን ምን ልበላቸው?»

ወደ ቦሌ፣ ጉዳዩን ወደያዘላት ወኪል ይዛኝ ሄደች። መስታወት በመስታወት የሆነ ፎቅ ላይ፣ ከረባት ያሰረ ልጅ እግር ተቀበለን።

«ማዘር፣ ልጅዎ ዕድለኛ ናት! ሃያ ሺህ ዶላር እኮ ነው የሰጧት!»

«በእጇ?»

«አይ… ከክፍያው ላይ ነው የሚቀነሰው።»

«እንግዲያው ሰጧት አይባልም። አልጠየቋትም ነው የሚባለው። ለመሆኑ የመጨረሻው ስንት ነው?»

ማህሌት የምትገባበት ቀዳዳ አጣች። «ማዘር፣ ዩኒቨርሲቲ እኮ የመጨረሻው ስንት ነው አይባልም» አለኝ ልጁ፣ ሳቁን እየዋጠ። እኔም አልተቀየምኩ። መኝታና ምግቡን ብጠይቀው ለብቻ ነው አለኝ። ቅናሹ እስክትጨርስ ይቆያል ወይ ስለው፣ ውጤቷ እስካልወረደ ድረስ ነው አለኝ። አመስግኜው ወጣሁ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

የእኛ ቤት የቆመው በመጋረጃዬና አባቷ ከጉርድ ሾላ ላምበረት በሚያመላልሰው አንድ ሚኒባስ ነው። ለካናዳው ሚኒባሱ መሸጥ አለበት፣ ያውም ለመጀመሪያው ዓመት ብቻ። ለሁለተኛው ዓመት የሚሸጥ ምን አለን? ለማሌዥያው ግን ሚኒባሱ እየሠራ፣ ወንድሜም ከዱባይ እየደገፈን፣ እንገፋዋለን። አባቷ ማህሌት ከፍቷት ማየት አይችልምና፣ ሰኞ ደላላ ሊጠራ ቀጠሮ ይዟል። እኔ ግን ማህሌትን ብቻ፣ «ቅዳሜ ሱቅ አግዢኝ» አልኳት።

ቅዳሜ አንዲት ሴትዮ ከእትዬ ዘይነባ ሱቅ ወጥታ ወደኛ ገባች። እዚያ ያየችውን ያንኑ ክሬም መጋረጃ እኛም ጋ አገኘችው፤ በላዩ ግን ቀዩ ወረቀቴ አለበት። ማህሌት ዋጋውን ነገረቻትና፣ ልጅ አይደለች፣ አላስቻላትም።

«እትዬ፣ እዚያ እኮ ከዚህ ያንሳል» አለቻት። የገዛ እናቷን ገበያ!

«አውቃለሁ» አለች ሴትዮዋ፣ «የነሱ ግን ቅናሽ የለውም።»

ከፍላ፣ ተሸክማ፣ ፊቷ በርቶ ወጣች። ማህሌት ከኋላዋ እስክትርቅ አየቻት።

«እማ።»

«ወዬ።»

«ያቺ ሴትዮ እኔ ነኝ አይደል?»

«እኔ ምን ወጣኝ?» ብዬ ጨርቄን ማጠፍ ቀጠልኩ። የዚያን ዕለት ማታ አባቷን ደላላውን ተወው አለችው። እሱም እኔ እንዳላየው ዞር ብሎ ዓይኑን ጠረገ።

እኔን ግን ያቺ ሴትዮ ከሕሊናዬ አልወጣ አለችኝ። እሑድ ቅዳሴ ሲያልቅ የነፍስ አባቴ ዘንድ ቀርቤ የቀዩን ወረቀት ነገር ተናዘዝኩ። «ዛሬውኑ ቅደጂው» አሉኝ። እሺ አልኩ። ካነሳሁ አይቀር ብዬ ሌላውንም አመጣሁት።

«አባቴ፣ ስኮላርሺፑን እኮ ተውነው። ስለቱ ይቀርልኛል?»

«ምን ብለሽ ነው የተሳልሽው?»

«ስኮላርሺፕ ካገኘች ብዬ።»

«አገኘች?»

«ማግኘቱንስ አገኘች። ግን ግማሽ ነው። ዣንጥላው ያለ ወርቅ ዘርፍ ቢሆንስ፣ እንዲያው በግማሽ…»

አባ ጺማቸውን ዳበሱ።

«ይቻላል ልጄ፤ ግማሹን እቀንስልሻለሁ» አሉኝ። «መጀመሪያ ግን እንደ መጋረጃሽ ዋጋውን እጥፍ ላድርገው።»

ዣንጥላውን ልገዛ ስሄድ የመጀመሪያው ሻጭ «ለእርስዎ በግማሽ ዋጋ» አለኝ። አማተብኩና ወደሚቀጥለው ሱቅ አለፍኩ።